የባላምባራስ ቡና፣ የአትጠገብ እንሰት

ኑ እስቲ፣ አረፍ በሉ። አንተም በሩ ላይ አትገተር፣ ግባ፤ ብርዱን ይዘህብን ቆመሃል። መደቡ ላይ ጠጋ ጠጋ ካላችሁ ለሁሉም ይበቃል። የማወጋችሁ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከዲላ ፈቅ ብሎ ጪጩ ላይ የሆነ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ተፋቱ። መፋታታቸው አይገርምም፤ ለመፋታት አፍ ብቻ ይበቃል። ጉዱ ያለው ንብረት ሲካፈሉ ነው። ሰው ሲጋባ ፊቱን ያሳያል፣ ሲካፈል ሆዱን ያሳያል።

ባልየው ወንድይፍራው ይባላል። እናቱ ይህን ስም ስታወጣለት ምን እንዳለመች እግዜር ይወቅ እንጂ፣ በዕድሜው ሙሉ እሱን የፈራ ወንድ አልታየም። እሱ ግን ሁለት ነገር አጥብቆ ይፈራ ነበር፤ ከእሱ በላይ የተሾመ ሰውና ዝናብ። አባቱ ጠመንጃ ተሸክመው ከሸዋ መጥተው በጪጩ ዳገት ላይ መሬት ተመሩ፤ ልጅየው ጠመንጃውን ሸጦ መሬቱን አስቀረ። ባላምባራስ የሚለውን ማዕረግ ከየትኛው ጦር ሜዳ እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው፣ በተሾመበት ዓመት ምርጥ ምርጡ ጀንፈል ከነገለባው በጆንያ ታጭቆ፣ በመኪና ተጭኖ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ከተማ መሄዱና መኪናው ባዶውን ሹመት ይዞ መመለሱ ነው።

ሚስቱ አትጠገብ ናት። እሷም የዚያው የሸዋ ወገን ልጅ ብትሆን፣ ተወልዳ ያደገችው ጪጩ ነው፤ ከጌዴኦ ሴቶች ጋር እንሰት ስትፍቅ፣ ጌዴኦኛውን እንደ እናቷ ቋንቋ ስትናገር። ያ ዳገት ቤት የሆነው እሷ ከገባችበት በኋላ ነው ይላሉ ሰዎቹ። ሁለት ሴት ልጆች ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ድራለታለች።

የዚያ ዳገት ቡና ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡናው፤ አንዱ ሌላውን ታቅፎ ነው የሚያድገው። ሥራው ግን ለየቅል ነው። ቡናውን ወንዱ ይኮተኩታል፣ ወንዱ ይሸጣል። እንሰቱን ሴቷ ትፍቃለች፣ ጉድጓድ ትቀብራለች፣ ወራት ቆይቶ ሲብላላ አውጥታ ቆጮ ትጋግራለች። ወንድ እጁን ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ከከተተ ገበያው ሁሉ ይስቅበታል። እናም ቡና ሲሸጥ ብሩ በወንዱ ኪስ ይንሿሿል፤ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ ያበላው እንሰት ግን በማንም ኪስ አይሰማም።

ባላምባራስ ከተሾመ ወዲህ ጪጩ ጠበበው። ዲላ ላይ የቆርቆሮ ቤት አሠራ። ሶፋም አስመጣ፤ እንዳይቆሽሽ ብሎ ላስቲኩን ሳይገፍ አስቀመጠው፤ እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር ይንጫጫል። አንድ ቀን ከአውራጃው አንድ ሹም ጋበዘ። ዶሮው ቀረበ፣ ጠጁ ቀረበ። አትጠገብ ደግሞ ትኩስ ቆጮ በቅቤና በአይብ አድርጋ ይዛ ገባች። ባላምባራስ ፊቱ ጠቆረ። ሹሙ ግን ጎረሰ። ደገመ። «ይቺን ጨምሪልኝ እስቲ፣ እሜቴ» አለና ጣቱን ላሰ። ባላምባራስን ኀፍረቱ ዓይኑን ጋርዶት ይህን አላየም።

«አዋረድሽኝ» አለ፣ እንግዳው ገና ከግቢው ሳይወጣ። «በሹም ገበታ ላይ የገባር ምግብ! ቤቱ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። አንቺም ትሸቻለሽ።»

«ሠላሳ ዓመት የበሉትስ?» አለች።

«ሠላሳ ዓመት ታግሼ ነው!»

ታግሦ! ከአንድ ገበታ እንኳ ሳይደግም ተነሥቶ አያውቅም። ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ «ፍቺ» የምትለዋን ቃል ጠዋትና ማታ እንደ ዳዊት ይደግማት ጀመር። ዲላ ውስጥ ጠጅ የምትጥል አንዲት ለግላጋ ከኋላው አለች ያሉም ነበሩ። እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ባይ ኖሮ ግን እናገር ነበር።

ነሐሴ ላይ በቆርቆሮው ቤት ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አቶ ይርጋ የባላምባራስ ወዳጅ ነው፤ ኮቱ ኪስ ላይ ቀለም ነክቶት የማያውቅ ብዕር ሰክቶ የሚዞር ሰው። ሁለተኛው አቶ ዘነበ ነው። ዘነበ የማን ወዳጅ እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ፣ በጉ ከማን በረት እንደወጣ መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል፤ ያን ቀን በጉ የወጣው ከባላምባራስ በረት ነበር። በአትጠገብ በኩል የቆመው ከማሉዲን ይባላል። ዲላ ላይ ሱቅና የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ነው፤ የዚያን ዳገት ቡና ዘመኑን ሁሉ የገዛ። እሱ ከበጉ አልቀመሰም። በእስላም እጅ ያልታረደ አይበላምና፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ብቻ አፉ ያልታሸገው በሃይማኖቱ ምክንያት ነው።

አትጠገብ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሶፋው ላይ እንድትቀመጥ የነገራት አልነበረም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ድርሻዋን። ወንድሞቿ ሞተዋል፤ ልጆቿ በባሎቻቸው ቤት ናቸው። ከዚህ ጉባዔ ባዶ እጇን ከወጣች፣ በስተርጅና በአማች ደጅ ምድጃ ጥግ የምትቀመጥ አሮጊት ሆነች ማለት ነው።

«እንግዲህ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ምን ትያለሽ?» አለ አቶ ይርጋ።

«ምን እላለሁ፤ እኩል። የተጋባነው በሰማንያ ነው። መሬቱ ላይ ያለውም፣ ይሄ ቤትም እኩል።»

ይርጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዎን፣ እንግዲህ ሕጉ ብዙ አንቀጽ አለው።»

«የትኛው አንቀጽ ነው የሚከለክለው?» አለ ከማሉዲን።

«ብዙ ነው አልኩህ እኮ! አንዱን አንሥተህ አንዱን አትጥለውም።»

ያኔ ባላምባራስ ካሰበበት ዘዴ ጋር ብድግ አለ። «ሕግ ምን ያደርግልናል፣» አለ፣ «አገር ልማድ እያለው! በዚህ አገር ልማድ ቡና የወንድ ነው፣ እንሰት የሴት ነው። ቡናውን እኔ፣ እንሰቱን እሷ። ይሄ ቤት ደግሞ በቡና የተሠራ ነውና ቡናውን ይከተላል። የጪጩው የሣር ቤት እንሰቱን ይከተል። አለቀ!»

«ባላምባራስ፣» አለ ከማሉዲን፣ «የአገሬው ልማድ ሲባል አፍንጫዎን ይይዙ አልነበረም እንዴ?»

«ልማድ ነው! አባቶች ያቆዩት!»

«የማን አባቶች?»

«እሱን ተወውና» አለ ዘነበ የጎድን አጥንት እየጋጠ፣ «ፍርዱ መልካም ነው። ለስላሳ ፍርድ ነው።» ስለ ፍርዱ ይሁን ስለ ሥጋው ያወራው አልታወቀም።

ባላምባራስ ነገሩ እንደያዘለት ሲያይ ቸርነት ቸርነት አለው። ደረቱን ነፋ። «እኔ ሴት አልበድልም። እንሰቱን ከነሥሩ ትውሰድ! ከነኮባው፣ ከነቃጫው፣ ከነጉድጓዱ ትውሰድ!» አለና ወደ ወዳጁ ጠቀሰ፤ «ከፈለገች ከነጥላው ትውሰድ!»

ይርጋ እስኪያስለው ሳቀ። ሶፋውም አብሮ ተንጫጫ።

አትጠገብ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ልታለቅስ ነበር። ከማሉዲን ተከተላት። «እሜቴ፣ አይስሙት። አቤት እንበል፤ ፍርድ ቤት እንሂድ።»

«የዳኛው ቤት ጣራ በማን ቡና እንደተከደነ አታውቅም፣ ልጄ?»

ከማሉዲን ያውቃል፤ ቡናውን የጫነው የእሱ መኪና ነው።

በአጥሩ በር አጠገብ በራሶ ቆሟል። በራሶ የዚያ መሬት ገባር ነው፤ ከጪጩ ማር ተሸክሞ የመጣ፣ ነገሩን ሁሉ ከውጭ የሰማ። «እሜቴ፣» አለ በዚያ በረጋ አነጋገሩ፣ «ቡናው እኔ ነው የተከልኩት። እንሰቱ ሚስቴ ድንቄ ነው የተከለው። እናንተ ስትፋቱ እኛ ሁለታችን ለማን ለማን ደረስን? እኛ አልተጣላንም።»

አትጠገብ እንባዋ ሳይወርድ ሳቅ ቀደማት። መልስ ያለው ሰው ግን በዚያ ዘመን በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ብቻ «ድንቄ» የሚለው ስም ድንቄን አሳሰባት፤ ድንቄ ደግሞ የኅዳርን ለቀማ አሳሰበቻት፤ በለቀማው ሰሞን ሁለቱ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ለዚያ ሁሉ ሰው ቆጮ ሲጋግሩ፣ ጀርባቸው ሲቆረጥ። ቡና ሲቀላ ከቡሌ ደጋ እየዘፈኑ የሚወርዱት ለቃሚዎች፣ የሚመጡት ለሳንቲሙ ብቻ ነው? ሳንቲሙንማ ማንም ይሰጣቸዋል። የሚመጡት ድስቱ ወደ ሞቀበት ነው።

አትጠገብ ቀና አለች። ከንፈሯ ዳር ላይ አንድ ነገር ታየ። ከማሉዲን «ሳቅ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ጥርሷን ያመማት መስሎኝ ነበር» ሲል ኋላ ያወራ ነበር።

ተመልሳ ገባች። «ባላምባራስ እንዳሉት ይሁን።»

ዘነበ ማኘኩን አቆመ። ይርጋ ብዕሩን ነካ። ባላምባራስ ግን ነገር ሲቀልለት የሚደነግጥ ሰው ነውና ወዲያው ተጠራጠረ። ዞር ብላ ቡና እንዳትጠይቀው ፈራ። «እንዲህ በአፍ አይሆንም! ዋስ ትጥራ! ከዛሬ ጀምሮ እሷ የእኔን ቡና ብትነካ፣ እኔም የእሷን እንሰት፣ ቅጠሉንም ቢሆን፣ ብነካ፣ የነካው ይቀጣ!»

«ይቀጣ» አለች አትጠገብ።

«ይቀጣ!» አለ ባላምባራስ ድምፁን ከፍ አድርጎ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። እሱ ግን ገና ማፍሰሱ ላይ ነው።

ኅዳር ገባ። የዚያ ዓመት ቡና እንዲያው ጉድ ነበር፤ ቅርንጫፉ ቀልቶ ቀልቶ ወደ መሬት ጎበጠ። ለቃሚዎቹ ከቡሌ ወረዱ። በራሶ ተቀብሎ አሰማራቸው። ባላምባራስ ከዲላ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ መጣ፤ ሲለቀም ቆሞ ማየት ይወዳል። ከረፋዱ ላይ አንዷ ለቃሚ ቀና አለችና ወደ ሣር ቤቱ አየች። ጭስ የለም። ሌላዋም አየች።

«ጌታዬ፣ ምግብ የት ነው?» አለ በራሶ።

«ምን ምግብ?»

«ዋሳ ነዋ፣ ቆጮ። ለቃሚ ጠዋት ይበላል፣ ከሰዓት ይበላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

ባላምባራስ ሠላሳ ኅዳር ሲለቀም አይቷል። የሚለቀመውን እንጂ የሚበላውን አላየም። ገበታው ከመሬት የሚበቅል ይመስለው ነበር። «ገንዘብ እጨምራለሁ በላቸው!» አለ።

በራሶ ነገራቸው። ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ለቃሚ መልስ ሰጡ፤ በራሶም ተረጎመው፦ «ሳንቲም ቢጎርሱት ጥርስ ይሰብራል አሉ፣ ጌታዬ።»

በማግስቱ ከዲላ ዳቦ አስጭኖ መጣ። መንገድ ላይ ዝናብ ደረሰበትና ዳቦው እንደ ጭቃ ሟሸሸ። የተረፈውን በሉ፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ደግሞ ቀና ቀና አሉ። ዳቦ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሰላም ብሎ ይወጣል እንጂ ዳገት አያስወጣም። እነሱም እየተነሡ ወደ ጎረቤቱ ማሳ አዘገሙ፤ እዚያ ጭስ ይታያል።

የቀሩት ጥቂቶች የለቀሙትን እሸት የሚያፈሱበት አጡ። አንዱ እንደ ልማዱ የእንሰት ቅጠል ሊቀነጥስ እጁን ሲሰድ፣ ድንቄ ከላይ ሆና ጮኸች፦ «ተው! የእሜቴ ነው! የነካ ይቀጣል!» ዘንቢሉ ተበጠሰ፤ የሚታሰርበት ቃጫ የእሜቴ ነው። ባላምባራስ ከከተማ ገመድ ያስመጣ ጀመር። ገመድ አስመጣ፣ ሸራ አስመጣ፤ የሰው ሆድ የሚያስርበት ነገር ብቻ ከየትም አልመጣለትም።

ዝናቡ ደግሞ ተመልሶ መጣ። ያ የሚፈራው ዝናብ። ባላምባራስ ሮጦ አንድ ሰፊ እንሰት ሥር ገባና ባርኔጣውን አራገፈ። ቀና ሲል አትጠገብ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ ኮባ ደፍታ፣ ደረቅ እንደ ብራ።

«ወንድይፍራው» አለች።

ሠላሳ ዓመት «እርስዎ» ስትለው ኖራለች። በስሙ ስትጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነው። ለቃሚዎቹ እንኳ እጃቸውን አቆሙ።

«ከጥላዬ ውጣልኝ።»

«ምን?»

«ከነጥላው ብለህ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። አቶ ይርጋ ሲስቅ ሰምቻለሁ። ውጣልኝ።»

ወጣ። ምን ያድርግ፤ ዋስ ይጠራ ያለው እሱ ነው። ዝናቡ ላይ ቆመ፤ ባርኔጣው ውኃ ጠጥቶ ጆሮው ላይ ተንጠለጠለ። አትጠገብ ዞር ብላ አየችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ አንጀቷን በላት፤ ዝናብ ሲነካው ያ ቀኝ ጉልበቱ እንደሚያመው ታውቃለች፤ በቅቤ ያሸችው እሷ ናት። ነገር ግን አንጀት ሲበላ ድርሻ ይበላል። ወደ ቤቷ ገባች።

ገበያ ሄዶ ቆጮ መግዛት ይችል ነበር ትላላችሁ። ይችላል። ግን ሚስቱን «ቆጮ ትሸቻለሽ» ብሎ የፈታ ሰው መሆኑን ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል። አንዴ ደፍሮ ሲጠጋ አንዲት ሻጭ «ባላምባራስ! ትዕግሥትዎ ተመለሰ እንዴ?» ብላ በሳቅ አባረረችው። ከዚያ ዘነበን ላከ። ዘነበም ገዛ፤ መንገድ ላይ ደግሞ ራበው።

ቡናው በላዩ ላይ ደረቀ። ረገፈ። ጉሬዛው ከዛፍ ወርዶ በላ፤ እሱ ምግቡን የሚጠይቀው ከማንም አይደለምና። የጎረቤቱ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሁሉ በቀይ እሸት ሞላ፤ የባላምባራስ አልጋ ላይ ዶሮ ተኛበት። የከማሉዲን መኪና በአጠገቡ ስታልፍ ጡሩምባ ነፍታ አለፈች እንጂ አልቆመችም።

አንድ ጠዋት ባላምባራስ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ወደ ሣር ቤቱ መጣ። አትጠገብ ከድንቄ ጋር ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች፤ አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ ሰንዝራ፣ ፋቂውን ጨብጣ። አልተነሣችላቸውም። ይርጋ የሚቀመጥበት ፈልጎ አጣና በቁሙ ጀመረ።

«ወይዘሮ አትጠገብ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ እርስ በርሱ...»

«አቶ ይርጋ፣ ነገርን ከሥሩ። ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ለቃሚዎቹን አብዪልኝ» አለ ባላምባራስ። «እከፍልሻለሁ።»

«ቡናህ ቆጮ ቆጮ ቢሸትብህስ?»

ድንቄ ፋቂዋን ጥላ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ልማዱን አፍርሰሻል!» አለ ባላምባራስ። «የተስማማነውን...»

«እኔ? እኔ ልማዱን ሳልነካ ጠብቄልሃለሁ። አንዲት ፍሬ ከቡናህ ነክቻለሁ? ልማድ ግን ዘንቢል አይደለም፤ ደህና ደህናውን መርጠህ የምትለቅምበት። ከነሙሉው ነው የሚወሰደው።» ፋቂዋን አስቀመጠች። «የምፈልገውን ነሐሴ ላይ ነግሬሃለሁ። እኩል።»

«ቤቱንም?»

«ቤቱንም።»

ከማሉዲን ጎንበስ ብሎ ሣር ይነቅል ጀመር፤ ፊቱን እንዳያዩት። ዘነበ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ያን ቀን በማንም ቤት በግ አልታረደምና ህሊናው ንጹሕ ነበር። «ባላምባራስ፣» አለ፣ «ከጉሬዛው እሷ ትሻላለች፤ ጉሬዛው ግማሽ አያስቀርም።»

«ንብረቱን ማን ለሁለት ይከፍለዋል ታዲያ?» አለ ባላምባራስ። «እሷ ከከፈለች ታታልለኛለች!»

«እኔ ልክፈል፣» አለች አትጠገብ፣ «አንተ ምረጥ። የአያቶቻችን ፍርድ ነው፤ ከፋይ አይመርጥም፣ መራጭ አይከፍልም። አጓድዬ ከከፈልኩ ደህናውን አንሥተህ ክፉውን ለእኔ ትተውልኛለህ።»

ይርጋ እንኳ ለዚህ አንቀጽ አልፈለገለትም።

ያኔውኑ ከፈለች። ከምንጩ በታች ያለው ሰፋ ያለው መሬት፣ ቡናውም እንሰቱም አብሮ፣ ከሣር ቤቱ ጋር አንድ ድርሻ። ከምንጩ በላይ ያለው ጠበብ ያለው፣ ቡናውም እንሰቱም አብሮ፣ ከዲላው ቆርቆሮ ቤት ጋር አንድ ድርሻ። ከማሉዲን በልቡ ቢያሰላው፣ ቢያሰላው ሚዛኑ ወዲያም ወዲህም አላለለትም።

ባላምባራስ ከዘራውን ይዞ ተነሣ። የምንጩን ላይ ዞረ። የምንጩን ታች ዞረ። አንድ የቡና እግር ነቀነቀ፤ ተንኮሉ ከሥሩ ያለ መስሎት። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። የቆጮ ጉድጓዱን በከዘራው ወጋ። ሽማግሌዎቹ ደከማቸውና ተቀመጡ። ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያጭበረብር ኖሮ እውነተኛ ሚዛን ሲያይ እንዲህ ነው፤ ማታለያው የት እንደተደበቀ ይፈልጋል፤ ሲያጣው በጣም የረቀቀ ነው ይላል።

በራሶ ዛፍ ተደግፎ ያያል። «ምረጥ የሚለኝ ቢኖር፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ሁለቱንም ነበር የምመርጥ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።»

አትጠገብ ሰማችው። አንገቷን ደፋች። ለራሷ እኩል ለማግኘት ያን ያህል የታገለች ሴት፣ ለዚህ ቃል ግን ያን ቀንም የምትመልሰው አልነበራትም።

ፀሐይ ስታዘነብል ባላምባራስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እያነከሰ ፊቷ መጥቶ ቆመ። ቁጣው አልቆ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙት፣ «አትጠገብ፣» አለ፣ «የቱ ይሻለኛል?»

አየችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቋት ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደርሱም ነበር። ጎመዘዛት። እውነቱን ነገረችው።

«የላይኛውን ውሰድ። ዲላን ትወዳለህ፣ ሶፋህንም ትወዳለህ። ጉልበትህ ደግሞ የዚህን ዳገት ጭቃ አይችልም።»

ባላምባራስ ዓይኑን አጠበበ። ፊቱ ላይ የጠፋበት ብርሃን ተመለሰ። አገኘኋት! አለ በልቡ።

«የታችኛውን!» ብሎ ጮኸ። «ሽማግሌዎች፣ ስሙ! የታችኛውን መርጫለሁ! ከነሣር ቤቱ! ዋስ ይጠራ!»

ዋስ ተጠራ።

ለቃሚዎቹ በማግስቱ ተመለሱ፤ ከምንጩ ወዲያና ወዲህ ጭስ ታየ። ከምንጩ በታች የሚጨሰው ግን ዘግይቶ ነው የጀመረው፤ ባላምባራስ ራሱ ዕቃውን ከዲላ አስጭኖ እስኪገባና የምትጋግርለት ሴት እስኪቀጥር ድረስ። የተባለችው የጠጅ ቤት ለግላጋ፣ ካለች፣ የሣር ቤቱን አንድ ቀን መጥታ አይታ «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ተመለሰች አሉ። እሱም ከእንሰቱ መሐል ተቀመጠ፤ ጠዋት ቆጮ፣ ማታ ቆጮ፤ ታግሦ።

አትጠገብ ዲላ ገባች። ከማሉዲን በመኪናው ዕቃዋን አደረሰላት። መጀመሪያ ያደረገችው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቢላዋ አምጥታ የሶፋውን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ቀድዳ ገፈፈችው። ከዚያ ተቀመጠችበት። አልተንጫጫም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሁላችሁም አንድ ቀን ከአንድ ሰው ጋር የምትካፈሉት ነገር አይጠፋም፤ የወንድም ውርስ ይሁን፣ የባልንጀራ ንግድ ይሁን፣ አያድርገውና ትዳርም ይሁን። ያኔ ቢላዋው በእጃችሁ ሲገባ፣ መራጩ ሌላው እንደሆነ አድርጋችሁ ክፈሉ። አትጠገብንም አንድ ጊዜ አስቧት፤ አደራ፣ አትርሷት።